የሐርላ ግዙፎችና የጃንጥላ ወታደሮች
ስለ ጀግንነት መጻሕፍት የቀረበ አስተያየት

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን መንገድ ይዞ ተራራውን ለወጣ ሰው የሐርላ ስም እንግዳ አይደለም። ሐርላ ዛሬ የገበሬዎች መንደር ናት። ነገር ግን ማረሻው የሚነካው አፈር የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ነው፤ አልፎ አልፎም ከእርሻው መካከል የጥንት ገንዘብ ይወጣል። የአካባቢው ሕዝብ የፍርስራሹን ድንጋዮች ትልቅነት እየተመለከተ፣ ይህን ድንጋይ እንደ እኛ ያለ ሰው ሊያነሣው አይችልም በማለት፣ ከተማይቱን የሠሯት ግዙፎች ናቸው የሚለውን ታሪክ ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርስ ኖሯል።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ የእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር በሐርላ ቁፋሮ አካሄደ። የተገኘውም ነገር ብዙ ነው፤ የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ፣ የመቃብር ስፍራ፣ የጌጥ ሠራተኞች የሚሠሩበት ቤት፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭ ደሴቶች፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዕቃ፣ እንዲሁም የ13ኛው መቶ ዓመት የግብፅ ገንዘብ ተገኝቷል። ያልተገኘው ግዙፉ ሰው ብቻ ነው። ከመቃብሩ የወጣው ዐፅም ቁመቱ እንደ ማንኛችንም ቁመት ነው።

ታዲያ ይህ ግኝት የሐርላን ሰዎች አሳነሣቸው ወይስ አገነናቸው? ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ግልጽ ነው። ግዙፍ ሰው ትልቅ ድንጋይ ቢያነሣ የሚደነቅ ነገር የለውም፤ ለዚያ ተፈጥሯልና። እንደ እኛ የሚደክም፣ እንደ እኛ ወገቡ የሚታመም ሰው ግን ያንን ድንጋይ አንሥቶ ቢክበው፣ ከሩቅ ባሕር ማዶ ካሉ አገሮች ጋር ቢነግድ፣ ብርና ነሐስ አቅልጦ ጌጥ ቢሠራ፣ ይህ በእውነት ሊነገር የሚገባው ሥራ ነው። ተረቱ ሰውየውን ከፍ ያደረገው መስሎት ሥራውን ነጠቀው፤ ቁፋሮው ቁመቱን ዝቅ አደረገና ሥራውን መለሰለት።

እኛም በዚህ ጽሑፍ ስለ ጦር ሜዳ ጀግንነት የሚጻፉትን እውነተኛ ታሪኮች፣ በተለይም በሠራዊታችን ቋንቋ አየር ወለድ ስለሚባሉት የጃንጥላ ወታደሮች የተጻፉትን፣ በዚሁ ሚዛን ልንመዝናቸው አስበናል። ይህን የምናደርገው ለመዝናናት ብቻ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ጦርነት የድሬዳዋን፣ የሐረርንና የጅጅጋን አገር የተከላከሉት ወታደሮች፣ በዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣቶች የነበሩት ሳይቀሩ፣ ዛሬ ወደ ሰባ ዓመት እየተጠጉ ወይም እያለፉ ነው። ስለ እነርሱ የተጻፈ አለ፤ ሳይጻፍ የቀረው ግን ይበልጣል። የሚጻፈው ደግሞ የግዙፎች ተረት ይሁን ወይስ የሰዎች ታሪክ፣ የሚወሰነው ምስክሮቹ በሕይወት ባሉበት በዚህ ዘመን ነው። ከዚህ በታች የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮጳ፣ የአገራችንን ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እናቀርባለን።

የጃንጥላ ወታደር ታሪክ ከሌላው ወታደር ታሪክ ይልቅ ለተረት የተመቸ ነው። እርሱ ከሰማይ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም የሚወርደው በሌሊት ነው። እግሩ መሬት ሲነካ ከኋላው ደጀን የለውም፤ ጠላት በአራቱም ማዕዘን ነው። ብዙውን ጊዜ ወደዚህ ሥራ የሚገባው በፈቃዱ ስለ ሆነ፣ ገና ሳይዋጋ ከጓደኞቹ የተለየ ተደርጎ ይታያል። ስለዚህ ጸሓፊው ብዕሩን ሲያነሣ፣ ፉከራው ሳይጠሩት ይመጣለታል። ሆኖም የወታደሩን እውነተኛ ሁኔታ እንመልከት። በሰኔ 1944 በ5ኛው ቀን ማታ ለ6ኛው ቀን አጥቢያ፣ ወደ 13,000 የሚጠጉ የአሜሪካ የጃንጥላ ወታደሮች በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ ላይ ዘለሉ። ሊዘሉበት የታቀደው ከፍታ ሁለት መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። ደመናና የጠላት መድፍ አይሮፕላኖቹን ስለ በታተናቸው፣ ብዙዎቹ ከታሰበላቸው ስፍራ ርቀው ወረዱ። ከእነርሱም መካከል ጀርመኖች ሆን ብለው ውሃ በለቀቁበት ሜዳ የወደቁ ነበሩ፤ የተሸከሙት ትጥቅ እጅግ ከባድ በመሆኑ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ መነሣት አቅቷቸው የሰጠሙ አሉ። ይህ የግዙፍ ሰው ታሪክ አይደለም። ሸክም የከበደው፣ መንገድ የጠፋበት፣ በጨለማ ጓደኛውን የሚፈልግ ሰው ታሪክ ነው። ጀግንነቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ መንገዱን ካላወቀበት ከዚያ ጨለማ ተነሥቶ ወደ ታዘዘበት ድልድይ በመሄዱ።

ይህን ጠንቅቀው ካወቁት ጸሓፊዎች አንዱ የአየርላንድ ተወላጁ ጋዜጠኛ ኮርኔሊየስ ራያን ናቸው። በ1959 ስለ ኖርማንዲው ውጊያ «ረጅሙ ቀን» የተባለውን፣ በ1974 ደግሞ በኆላንድ ስለ ተደረገው የአርነም ዘመቻ «እጅግ የራቀው ድልድይ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ሁለተኛውን ሲጽፉ በነቀርሳ በሽታ ይሠቃዩ ነበር፤ መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥም ዐረፉ። የራያን ብልኀት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከፍ ያለ ድካም ይጠይቃል። በውጊያው ለነበሩ ሰዎች የጥያቄ ወረቀት ይልካሉ፤ የት ነበርህ፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ ምን አየህ፣ የጻፍከው ማስታወሻ አለህ ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ለድል አድራጊው ብቻ አልቀረበም፤ ጀርመኑም፣ የኆላንዱ ገበሬና የከተማው ሴትም ተጠይቀዋል።

የዚህም ፍሬ በአርነም ታሪክ ላይ ይታያል። በመስከረም 1944 ወደ ዐሥር ሺህ የሚሆኑ የእንግሊዝና የፖላንድ ወታደሮች በአርነም አካባቢ ከአየር ወረዱ፤ ወንዙን ተሻግረው ወደ ወገን የተመለሱት ከሁለት ሺህ ጥቂት ቢበልጡ ነው። የቀሩት ሞቱ ወይም ተማረኩ። ዋናውን ድልድይ የያዙት ሰባት መቶ የሚያህሉ ሰዎች፣ መላው ክፍለ ጦር ለሁለት ቀን እንዲይዘው የታሰበውን ስፍራ ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ብቻቸውን ይዘው ተዋጉ። አንድ ፉከራ ወዳጅ ጸሓፊ ይህን ብቻ ጽፎ ሊያበቃ ይችል ነበር። ራያን ግን ይቀጥላሉ። ወታደሮቹ የወረዱት ከድልድዩ ብዙ ኪሎሜትር ርቆ በሚገኝ ሜዳ ነበር፤ ራዲዮኖቻቸው አልሠሩም፤ የጀርመን ታንኮች በአካባቢው መኖራቸውን የሚያመለክት ወሬ ደርሶ ሳለ አለቆች ሊሰሙት አልፈለጉም። እንግዲህ አንባቢ ሁለት ነገር በአንድነት ይማራል፤ የወታደሩን ጽናትና የአለቃውን ስሕተት። እነዚህ ሁለቱ እንዲለያዩ የሚያደርግ ጸሓፊ፣ የወታደሩን ደም የአለቃው ስሕተት መሸፈኛ ያደርገዋል። የራያን መጽሐፍ ጉድለት የለውም አንልም፤ ታሪኩ ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ ስለሚሄድ አንባቢ የጦሩን አጠቃላይ አካሄድ የሚስትበት ጊዜ አለ። ሆኖም ሚዛኑ ትክክል ነው።

ሁለተኛው ጸሓፊ የአሜሪካው የጦር ታሪክ አዋቂ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ናቸው፤ እርሳቸው ከእኛም ታሪክ ጋር የተገናኙ ናቸው። ማርሻል በ1956 ስለ ኮርያ ጦርነት ባሳተሙት «የፖርክ ቾፕ ኮረብታ» በተባለው መጽሐፍ፣ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ያደረጉትን የቅኝት ውጊያ በከፍተኛ አድናቆት ጽፈዋል። በ1962 ደግሞ «የሌሊት ዝላይ» በሚል ርእስ በኖርማንዲ የዘለሉትን የአሜሪካ የጃንጥላ ወታደሮች ታሪክ አሳተሙ። የማርሻል ዘዴ፣ ውጊያው እንዳበቃ ከሞት የተረፉትን ወታደሮች በአንድነት ሰብስቦ ማነጋገር ነበር። አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሳል፤ አንዱ ያጋነነውን ሌላው ይመልሰዋል። ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ የራቀ ነገር አይደለም፤ በሽማግሌዎች ፊት ነገር ሲጣራ የምናየው ሥርዓት ነው።

ነገር ግን ማርሻል በሌላ መጽሐፋቸው፣ በጦር ሜዳ ተኩስ የሚከፍተው ከአራት ወታደር አንዱ እንኳ አይሞላም የሚል ቍጥር አውጥተው ነበር። ከ1988 ጀምሮ ሌሎች አጥኚዎች የማርሻልን ማስታወሻ ደብተሮች ሲመረምሩ ይህን ቍጥር የሚደግፍ ማስረጃ አጡ። ከዚያ ወዲህ የጸሓፊው ስም በጥርጣሬ ተነክቷል። እኛን የሚያሳዝነን ይህ ጥርጣሬ የሚያስከትለው ጉዳት ነው። አንድ ጸሓፊ በአንድ ቍጥር ላይ እምነት ሲያጎድል፣ በሌላ ገጽ በእውነት ያመሰገናቸው ወታደሮች ምስጋና ዋጋው ይቀንሳል። ያልተረጋገጠ ቍጥር ለጊዜው መጽሐፉን ያስጌጠዋል፤ ኋላ ግን ለጀግናው ዕዳ ይሆንበታል።

ሦስተኛው በዓለም ሁሉ የታወቀው የእስቲቨን አምብሮዝ «የወንድማማቾች ጓድ» ነው፤ በ1992 ታተመ፤ በ2001 ደግሞ በቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ሆኖ ቀረበ። የሚናገረው ስለ አንድ የአሜሪካ አየር ወለድ ሻምበል ነው። ደራሲው የሻምበሉን ጡረተኞች እየተዘዋወሩ አነጋገሩ፤ ወደዷቸውም። ፍቅሩ ለመጽሐፉ ሙቀት ሰጥቶታል፤ የሥልጠናው ድካም፣ የክረምቱ ብርድ፣ የጓደኛ ሞት ልብ በሚነካ ሁኔታ ተነግረዋል። ይሁን እንጂ ፍቅሩ ጉዳትም አስከትሏል። ደራሲው የሚያውቁት ጡረተኞች የሚወዱት አለቃ በመጽሐፉ ጀግና ይሆናል፤ እነርሱ የሚጠሉት አለቃ መልስ የሚሰጥበት ቦታ የለውም። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይህ ነው፤ ፊልሙ አንዱን ወታደር ከቍስሉ ሳያገግም በ1948 ሞተ ብሎ ተናገረ። ሰውየው ግን ከቍስሉ ድኖ በሠራዊቱ ውስጥ ለብዙ ዓመታት አገልግሎ፣ የሞተው በ1967 ነበር። የቀድሞ ጓደኞቹ ሞቷል ብለው ስላመኑ፣ ቤተ ሰቡን የጠየቀ አልነበረም። የአንድ ሰው የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሕይወትና አገልግሎት ከታሪክ የተሠረዘው በጠላት ጥይት ሳይሆን በወዳጅ ትዝታ ነው። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለው ተረታችን ለጸሓፊም ይሠራል። ነገሩን ከባለቤቱ ጠይቅ፤ ባለቤቱ ከሌለ ከዘመዱ ጠይቅ፤ ይህም ካልተገኘ ከመዝገቡ ተመልከት፤ ከዚህ በፊት አትጻፍ።

አራተኛው ጸሓፊ በርናርድ ፎል ናቸው። የፈረንሳይ ጦር በኅዳር 1953 በጃንጥላ ወርዶ ስለ ያዘውና በግንቦት 1954 በቬትናም ሠራዊት ድል ስለ ተነሣበት ስለ ዲየን ቢየን ፉ ምሽግ «በጠባብ ቦታ ያለ ሲኦል» የሚል መጽሐፍ ጻፉ። እርሳቸውም በ1967 በዚያው በቬትናም ፈንጂ ገደላቸው። የፎል መጽሐፍ ለሚቸኩል አንባቢ ደረቅ ሊመስል ይችላል። በየቀኑ ስንት ቶን ጥይትና ስንቅ ከአየር እንደ ተጣለ፣ ምን ያህሉ በጠላት እጅ እንደ ወደቀ፣ የቍስለኛው ቍጥር እንዴት እንደ ጨመረ ይቈጥራሉ። ነገር ግን ሒሳቡን ተከትሎ የሄደ አንባቢ፣ ማንም ሳይነግረው ጀግንነቱን ይረዳል። የምሽጉ የአይሮፕላን ማረፊያ በጠላት መድፍ ከተዘጋ በኋላ፣ በሕይወታቸው ከአይሮፕላን ዘለው የማያውቁ ወታደሮች ምሽጉ ሊወድቅ መቃረቡን እያወቁ በፈቃዳቸው በሌሊት ዘለው ገቡ። ፎል ስለ እነዚህ ሰዎች ቅጽል አያበዙም። ሒሳቡን ካቀረቡልን በኋላ፣ የሚበዛ ቅጽል አያስፈልግምና። ዳግመኛም ፎል የቬትናምን ወታደር አይንቁም፤ መድፉን በትከሻውና በገመድ እየጎተተ ተራራ ያወጣውን ሰው ድካም በእኩል ክብር ይጽፋሉ። ተቃራኒውን የሚንቅ ጸሓፊ የራሱን ወገን እንደሚያዋርድ ያውቃሉ፤ የተናቀን ጠላት መቋቋም ምን ጀግንነት አለው?

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ እናንሣ። ጀግና የሆነ ሰው ግፍ ሲሠራ ጸሓፊው ምን ያደርጋል? በግንቦት 1941 የጀርመን የጃንጥላ ወታደሮች በግሪክ ደሴት በክሬት ላይ ወረዱ። ብዙዎቹ ገና በአየር ላይ ሳሉ ተገደሉ፤ ከወረዱትም መካከል በመንደሩ ሕዝብ በማጭድና በአሮጌ ጠመንጃ የወደቁ ነበሩ። ጉዳቱ እጅግ ከባድ ስለ ነበር፣ ሂትለር ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ታላቅ የአየር ወለድ ዘመቻ አላዘዘም። የዘለሉት ወታደሮች ደፋሮች እንደ ነበሩ ጠላቶቻቸውም ይመሰክራሉ። ነገር ግን ውጊያው ካበቃ በኋላ፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ እነዚሁ የጃንጥላ ወታደሮች ኮንዶማሪ በተባለች መንደር ወንዶቹን ከወይራ ዛፎች መካከል ሰብስበው ረሸኗቸው። አንቶኒ ቢቨር በ1991 ስለ ክሬት ባሳተሙት መጽሐፍ ዝላዩንም ግፉንም አንባቢ በአንድ ጥራዝ እንዲያገኝ አድርገዋል፤ መሆን ያለበትም ይኸው ነው። ዝላዩን ጽፎ የወይራውን ዛፍ የሚዘል መጽሐፍ ቢኖር፣ የጀግንነት መጽሐፍ ሊባል አይገባውም። ድፍረትና ጀግንነት አንድ አይደሉም፤ ድፍረት የልብ ነው፤ ጀግንነት ግን የፍርድም ጭምር ነው።

ከዚህ ወደ አገራችን እንመለስ። የጦርነት መጽሐፍ ለእኛ አዲስ አይደለም። የሐርላ ስም ራሱ ወደ እኛ የደረሰው ከአፈር ብቻ ሳይሆን ከጦርነት መጻሕፍት ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት በግዕዝ የተጻፈው የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የሐርላን ሰዎች ከንጉሡ ተቃራኒዎች መካከል ይቈጥራቸዋል። በ16ኛው መቶ ዓመት በዓረብኛ የተጻፈው «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ደግሞ በኢማም አሕመድ ሠራዊት ውስጥ ያገኛቸዋል። የመጀመሪያውን የጻፈ የንጉሡ ወዳጅ ነው፤ ሁለተኛውን የጻፈ የኢማሙ ወዳጅ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ወገን ያመሰግናል፤ የሌላውን ያጥላላል። ዛሬ የታሪክ ተማሪ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ሲያነብ፣ በሁለቱም ወገን የቆሙት ሰዎች መሆናቸውን ይረዳል፤ ያንዱን ብቻ ያነበበ ግን በአንድ ወገን ግዙፍ፣ በሌላው ወገን ጭራቅ አይቶ ይቀራል። ከዚህ የምንማረው፣ አድልዎ ያለበት መጽሐፍም ቢሆን ከጠፋ መጽሐፍ ይሻላል፤ ምክንያቱም ባላንጣው ሲገኝ ሊታረም ይችላልና። ያልተጻፈ ግን አይታረምም።

በ1969 ዓ.ም. ሐምሌ የሶማሊያ መደበኛ ጦር ወሰን ጥሶ ገባ። ነሐሴ 11 ቀን ድሬዳዋን በታንክ አጠቃ፤ የከተማይቱ ተከላካዮችም መልሰው አባረሩት። ድሬዳዋ ብትያዝ ኖሮ የምድር ባቡሩና የአይሮፕላን ማረፊያው አብረው ይጠፉ ነበርና፣ የዚያ ቀን ውጊያ ለጦርነቱ በሙሉ ከፍ ያለ ዋጋ ነበረው። በ1970 ዓ.ም. መስከረም ጅጅጋ ወደቀች፤ ሐረርም ተከበበች። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች፤ ዛሬ በየዓመቱ የካራማራ ድል ተብሎ የሚታሰበው ይህ ነው። በዚህ የመጨረሻ ዘመቻ የጦሩ ከፊል የካራማራን መተላለፊያ ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ ተራራውን ዞሮ አጠቃ፤ ወታደርና ተሽከርካሪም በሄሊኮፕተር ተጭኖ ከጠላት ጀርባ ወረደ። በአገራችን የጦር ታሪክ ሰው ከሰማይ ወርዶ ጠላቱን ከኋላው የያዘበት ጐልቶ የሚታይ ዘመቻ ቢኖር ይህ ነው።

ስለዚህ ጦርነት በአማርኛ የሚነገረውንና የሚጻፈውን ብንመረምር፣ ከላይ የጠቀስናቸው ጉድለቶች ብዙዎቹ ይገኙበታል። ካራማራ በንግግር ሲወሳ ብዙ ጊዜ ስም እንጂ ስፍራ አይደለም፤ መንገዱ በየት እንደ ዞረ፣ ብርዱና ጥማቱ እንዴት እንደ ነበረ፣ ስንቁ እንዴት እንደ ደረሰ አይነገርም። ጎናችን የቆመው የኩባ ሠራዊት ከዐሥር ሺህ በላይ ነበር፤ የሶቪየት የጦር መኮንኖችም በዕቅዱ ሥራ ነበሩበት። ይህን ሳይናገር የሚያልፍ ጸሓፊ ለኢትዮጵያዊው ወታደር ክብር የጨመረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አዲስ አበባ የሚገኘው የትግላችን ሐውልት የወደቁትን ኩባውያን እያሰበ መጽሐፋችን ከረሳቸው፣ ድንጋዩ ከብዕራችን ይልቅ እውነተኛ ሆነ ማለት ነው። የሶማሊያ ወታደርም ቢሆን በማያውቀው ተራራ ላይ ርቆ የሞተ የሰው ልጅ ነበር።

ፕሮፌሰር ገብሩ ታረቀ በ2009 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የኢትዮጵያ አብዮት የጦርነት ታሪክ፣ ከመከላከያ ሚኒስቴር መዛግብት እየጠቀሱ ይህን ጦርነት ከናቅፋ፣ ከአፋቤትና ከሽሬ ውጊያዎች ጋር በስፋት መርምረዋል። ሥራው ለሚመጣው ጸሓፊ ሁሉ መሠረት ነው። ሆኖም የመዝገብ ታሪክ ጠባዩ ከላይ ወደ ታች ማየት ነው፤ ብርጌዱ ይታያል፤ ወታደሩ ግን ብዙ ጊዜ በቍጥር ውስጥ ይሰወራል። በሌላ በኩል ደግሞ እንደ ደረጀ ደምሴ «አባቴ ያቺን ሰዓት» ያለ መጽሐፍ አለ፤ ልጅ በ1981 ዓ.ም. ግንቦት በከሸፈው መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ አሥመራ ላይ ስለ ሞቱት አባቱ ስለ ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ የጻፈው ነው። መዝገቡ ሊሰጠን የማይችለውን የቤትና የልብ ነገር የሚሰጠን እንደዚህ ያለው ሥራ ነው፤ አንባቢም የልጅን ምስክርነት በልጅ ምስክርነት ሚዛን ይቀበለዋል። የጎደለን በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ተራው ወታደር፣ ጃንጥላውን ያጠፈው፣ ራዲዮኑን የተሸከመው፣ ቍስለኛውን ያወጣው ሰው የተናገረውና በመዝገብ የተመሰከረለት መጽሐፍ።

የአየር ወለዱን ታሪክ የሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለበት። ይህ ጦር ከውጭ ጠላት ጋር ብቻ አልቆመም። በ1966 ዓ.ም. በአብዮቱ ዋዜማ አየር ወለዶች የደብረ ዘይትን የአየር ኃይል ሰፈር እንዲከቡ ታዘዋል፤ በ1981 ዓ.ም. በአሥመራ መፈንቅለ መንግሥቱ በከሸፈበት ጊዜም እጃቸው ነበረበት። ወገን በወገን ላይ ሲታዘዝ ወታደሩ በልቡ ያሰበው ነገር ምን ነበር? ማን ታዘዘ፤ ማን አመነታ? እነዚህን ቀኖች ዘልሎ የካራማራን ብቻ የሚጽፍ፣ ለክፍሉ ግማሽ ታሪክ ይሰጠዋል። ግማሽ ታሪክ ደግሞ ለወጣቱ ወታደር ትምህርት አይሆነውም፤ ነገ እርሱንም የሚገጥመው እንዲህ ያለ ከባድ ቀን ሊሆን ይችላልና።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ሐሳባችን ላይ ተቃውሞ እንደሚያነሡ እናውቃለን። አገር የሚቆመው በጀግና ስም ነው፤ ወጣቱ የሚነሣሣው በፉከራ ነው፤ ፍርሃትንና ስሕተትን እየዘረዘሩ መጻፍ ወኔ ያዳክማል ይላሉ። እኛ ፉከራን አንንቅም። ፉከራና ቀረርቶ የራሳቸው ቦታና ጊዜ አላቸው፤ ከውጊያ በፊትና በድግስ ላይ ይደምቃሉ፤ ሰሚውም ግነት መሆኑን ዐውቆ ይሰማል። መጽሐፍ ግን ቃል የሚሰጥ ምስክር ነው። እውነተኛ ታሪክ ነው ተብሎ የታተመ መጽሐፍ በፉከራ ሕግ ሲጻፍ፣ አንባቢ አንድ ቀን ውሸቱን ያገኛል፤ ያን ጊዜም ከውሸቱ ጋር እውነቱን ይጥለዋል። ደግሞስ ፍርሃት የሌለበት ጀግና ለተማሪ ምን ያስተምረዋል? ወጣቱ የራሱን ልብ ያውቃል፤ እንደሚፈራም ያውቃል። የማይፈራ ግዙፍ ሲያነብ፣ «እኔ ከነዚህ አይደለሁም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ፈርቶ የዘለለ ሰው ሲያነብ ግን፣ «ለካ ይቻላል» ይላል።

እንግዲህ ከጀግንነት መጽሐፍ ጸሓፊ የምንጠይቀው ይህን ነው። ቀኑን፣ ስፍራውንና ሰዓቱን ይጻፍ። ነገሩን ማን እንደ ነገረው፣ ያ ሰው በስፍራው እንደ ነበረ ወይም እንዳልነበረ ይግለጽ። አንድ ምስክር የተናገረውን በሌላ ምስክር ወይም በመዝገብ ያመሳክር። የወደቀውን፣ የሸሸውንና የተማረከውን ሰው ስም በስድብ አያስቀር። ባላንጣውን ሰው ያድርገው። የረዳንን አይደብቅ። አለቃ ከተሳሳተ ስሕተቱን በወታደር ደም አያጥበው። ከሁሉም በላይ አይቸኩል፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና፣ ለበዓል ቀን ተብሎ የተጣደፈ መጽሐፍ ከበዓሉ ጋር ያልፋል።

ይህ የጸሓፊ ብቻ ሥራ አይደለም። መዛግብት የሚጠብቁ መሥሪያ ቤቶች ጊዜው የፈቀደውን ለተመራማሪ ይክፈቱ፤ በምስጥና በእርጥበት የሚጠፋ ወረቀት ለማንም ምሥጢር አይጠቅምም። በድሬዳዋ፣ በሐረርና በጅጅጋ ያሉ የታሪክ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ጡረተኞች ቤት ይላኩ፤ የራያንን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ደብተርና ትዕግሥት እንጂ ሌላ ሀብት አያስፈልግም። የት ነበሩ አባባ? በስንት ሰዓት? ከማን ጋር? ምን አዩ? ብሎ የሚጠይቅ የዐሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ፣ ከብዙ ፉከራ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። የተጻፈውም በትምህርት ቤቱና በከተማው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ትልቁ መጽሐፍ ከነዚህ ትንንሽ ደብተሮች ይወለዳል።

የሐርላ ጠቢባን ማን እንደ ነበሩ ለማወቅ ስምንት መቶ ዓመት አልፎ አፈር መቈፈር አስፈለገ። በእነርሱ ዘመን ስማቸውንና ሥራቸውን የጻፈ ሰው ሥራው ወደ እኛ ስላልደረሰ፣ ተረት ቦታውን ያዘ። የካራማራ ወታደሮች ግን ገና በመካከላችን ናቸው፤ በየቀበሌው ይኖራሉ፤ በጡረታ ቀን ተሰልፈው እናያቸዋለን። እነርሱን ለማግኘት አካፋና ዶማ አያስፈልገንም፤ ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነው።